ወደ ምሰሶ ሽማግሌ የላከችው ዶሮ

ተረት ተረት ልላችሁ ነው። «የላም በረት» ማለት የሰለቻችሁ «የዶሮ ቆጥ» በሉ፤ ነገሩ የዶሮ ነውና።

ከዕለታት አንድ ቀን በአንዲት ትንሽ ከተማ ሦስት ነጋዴዎች ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። አህያ ፀጉር ቤት ነበረው፤ የጅብን ጋማ አስተካክሎ በሕይወት የተረፈ እሱ ብቻ ነው። ድመት ወተት ቤት ነበራት፤ ወተቱን ማን እንደሚጨርሰው አትጠይቁኝ። እመት ዶሮ ደግሞ ጫጩት ትሸጥ ነበር። ሠልጥናለችና መታቀፍ ትታ የመፈልፈያ ማሽን ገዝታለች። «በዚህ ዘመን ማን እንቁላል ላይ ቁጢጥ ይላል?» ትል ነበር።

ሁለት መቶ እንቁላል ሊፈለፈል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በጠዋት መብራት ሄደ። ማሽኑ መቀዝቀዝ ጀመረ። እመት ዶሮ ዘላ እንቁላሎቹ ላይ ወጣች፤ ክንፏ ግን ከአሥራ ሁለት በላይ አይሸፍንም። «ልጆቼ ሊያልቁብኝ ነው» ብላ አለቀሰች።

ያን ጊዜ እንደ አገሩ ልማድ ሽማግሌ ተላከ። የተላከውም መንገድ ዳር ወደቆመው የመብራት ምሰሶ ነበር።

መጀመሪያ አህያ ሄደ። «ጌታዬ ምሰሶ፣ እባክዎ መብራት ይስጡን» አለ።

«ችግሩ ከላይ ነው» አለ ምሰሶ።

አህያ ወደ ላይ አየ። ቁራ ተቀምጧል። ተመለሰ።

ሁለተኛ ድመት ቅቤ ይዛ ሄደች፤ የምሰሶን እግር ቀባችው። «ጌታዬ ምሰሶ፣ እባክዎ መብራት ይስጡን» አለች።

«ችግሩ ከታች ነው» አለ ምሰሶ።

ድመት ወደ ታች አየች። ቅቤዋን አየች። ልሳው ተመለሰች።

ሦስተኛ እመት ዶሮ እንቁላሎቿን ጋቢ አልብሳ፣ ምን እንደበደለች ሳታውቅ የይቅርታ ድንጋይ ተሸክማ ራሷ ሄደች። «ጌታዬ ምሰሶ፣ እባክዎ መብራት ይስጡን» አለች።

«ሲስተም የለም» አለ ምሰሶ።

አንገቷን ደፍታ ስትመለስ፣ እንሽላሊት ጣራዋ ላይ የተሰጣው በርበሬ መሀል ተጋድሞ አገኘችው።

«አንተ ሥራ ፈት፣ ከበርበሬዬ ላይ ውረድ» አለችው።

«እወርዳለሁ። ለመሆኑ እኔ ሆዴን የማሞቀው በማን መስመር ይመስልሻል? ይህ በርበሬ ያሰጣሽበት ጥቁር መስታወትስ ምንድን ነው?»

እመት ዶሮ አፈረች። ዕቃው ሶላር ነበር። አምና ሦስቱም ሥልጠና ተጠርተው፣ ምሳ በልተው፣ አጨብጭበው፣ አንድ አንድ ሶላር ከነባትሪው ተሸክመው መጥተዋል። እሷ በርበሬ አሰጣችበት። አህያ የሽንት ቤት በር አደረገው። ድመት ዳንቴል አልብሳ ቴሌቪዥን አስቀመጠችበት።

«የአንዱ ለማሽንሽ አይበቃም፤ ሦስቱን አንድ ላይ አድርጉት» አለ እንሽላሊት።

እመት ዶሮ ሮጣ ጎረቤቶቿን ጠርታ ነገረቻቸው። አህያ «የሽንት ቤቴ በርስ?» አለ። ድመት «ዳንቴሌስ?» አለች።

«ለልመና ተራ በተራ ሄደን ወንፈል መግባት ያቅተናል?» አለች እመት ዶሮ። «ዛሬ እንቁላሌ ይሙቅ። ከዚያ ለወተትሽ፣ ከዚያ ለመላጫህ።»

አህያ በሩን ነቀለ፤ ከዚያ ወዲህ ሽንት ቤት የሚገባው እየዘፈነ ነው። ድመትም እያጉረመረመች ዳንቴሏን አነሳች። ሦስቱን ሶላር ጣራ ላይ አጋደሙት። ማሽኑ ሞቀ።

በሦስተኛው ቀን መቶ ሰማንያ ጫጩት ተፈለፈለ። ሃያዎቹ ምሰሶ ሲለመን በርደው ቀርተዋል፤ እመት ዶሮን እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

በዚያው ቀን መብራት መጣ። ሰፈሩ በሙሉ «መጣ፣ መጣ» ብሎ ጮኸ።

«እማዬ፣ ማን ነው የመጣው?» አሉ ጫጩቶቹ።

«እንግዳ ነው ልጆቼ» አለች እመት ዶሮ። «ተቀበሉት፤ ግን አያድርም።»

ስለዚህ ደጅ ከመጥናት ጣራ መውጣት ይሻላል። ተረቴን መልሱ፤ ዳቦዬንም «መብራት ሲመጣ» እንዳትሉኝ።