ለእንግዳ የተመረጠ ቲማቲም

አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበረ። ለገበያ የሚያመርተውን ቲማቲም የተባይ መድኃኒት ይረጨዋል፤ ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ የቲማቲም መደብ ግን ምንም አያስነካትም። እሷ ለቤተሰቡ ናት።

አንድ ወጣት መርማሪ ከከተማ መጣበት። ሥራው ዓይን የማያየውን፣ ምላስም የማይለየውን የመርዝ ቅሪት በአትክልት ላይ መፈለግ ነው። «ለምርመራ ጥቂት ቲማቲም ልውሰድ» አለ።

ሽማግሌው ገና ሲያየው ወዶታል። ለእንግዳ ምርጡ ነው የሚሰጠው ብሎ ከጓሮዋ መደብ ለቀመ፣ አጠበ፣ በነጠላው ጫፍ ወልውሎ አቀረበለት። ተንኮል አልነበረበትም። ወጣቱ ከማሳው ራሱ መልቀም እንዳለበት ያውቃል፤ የሽማግሌ እጅ መመለስ ግን አሳፈረው። ተቀበለ።

ሦስት ጊዜ መረመረ። ምንም የለም። ደስ ብሎት የውጤቱን ወረቀት ይዞ ተመለሰ።

«ቲማቲምዎ ንጹሕ ነው አባባ! ይሽጡ!»

ሽማግሌው አቅፎ ሳመው። የዓመቱ ምርት በሳጥን ተደርድሮ መኪና ላይ እየተጫነ ነበር። ወጣቱ ከአንዱ ሳጥን ቀዩን መርጦ አነሣና ወደ አፉ አስጠጋ። ሽማግሌው እጁን መታው፤ ቲማቲሙ መሬት ላይ ፈረጠ።

«ተው ልጄ! ይሄ የገበያ ነው!»

«ታዲያ እኔስ ገበያተኛ አይደለሁም?»

ሽማግሌው አቀረቀረ። «ትናንት ነው የረጨሁት። ያንተን ከጓሮ ነበር የለቀምኩልህ።»

ወጣቱ ወረቀቱን ቀደደ። መኪናው ባዶውን ተመለሰ።

«አከሰርከኝ አንተ ጉደኛ» አለ ሽማግሌው፣ ዓይኑን እየጠረገ። «እራት ሳትበላ ግን ንቅንቅ አትልም።»

እንግዲህ የእህቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ከዩኒቨርሲቲው ያባረሩህ ሰዎች እንደበደሉህ ያውቁ ነበር?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። የስንብት ደብዳቤያቸው ንጹሕ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ አገላብጬ አንድ ስሕተት አላገኘሁበትም። ግን ከእነሱ አንዱ፣ ያን ደብዳቤ የገዛ ልጁ ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ ቢያይ ዝም የሚል ይመስልሻል? ዘሎ ይነጥቀው ነበር። ስለዚህ ያውቁ ነበር። ሽማግሌውም ሲረጭ ያውቅ ነበር፤ እጁን ያስነሣው ለወጣቱ መራራቱ ነው። አንቺም ነገ የሰው ኑሮ የሚወስን ወረቀት ትፈርሚያለሽ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው ወይ ብለሽ አትጠይቂ፤ የምትወጂው ሰው ሊጎርሰው ነው በይና እጅሽ ሊነጥቀው ይነሣ እንደሆነ ተመልከቺ።