እመቤታችን ወይዘሮ ትርንጎን ከቃሬዛው መንገድ እንደ መለሰቻት

የእመቤታችን ወዳጆች ሆይ፥ ምልጃዋ አይለየንና፥ በጎሽ ሜዳ ደብር ያደረገችውን ተአምር በጸጥታ ስሙ።

በዚያ ደብር አጠገብ፥ የክርስትና ስሟ ወለተ ሐና የተባለ፥ ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት አሮጊት ነበረች፤ እርሷም የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ሳታደርስ እህል አትቀምስም ነበር፤ በየወሩም በሃያ አንድ ቀን የመገበሪያ ስንዴ በእጇ ለቅማ ታቀርብ ነበር። ዓይኗ ከደከመ በኋላም ጠጠሩን በጣቷ እየዳሰሰች ትለየው ነበርና፥ ቄሰ ገበዙ አንድም ጠጠር አግኝተውባት አያውቁም፤ ቢያገኙም ደፍረው አይነግሯትም።

ዕድሜዋ ሰማንያን ባለፈ ጊዜ አንድ ነገር ያስጨንቃት ጀመር፤ ሞትን ፈርታ አይደለም፥ ከደብሯ ርቃ፥ ሥጋ ወደሙ ሳትቀበል በመንገድ ላይ መሞትን ፈርታ ነው እንጂ። ልጇን አያልነህንም ጠርታ "ሰውነቴ የከዳኝ ቀን አታንከራትቱኝ" ብትለው "እማዬ፥ ሟርቱን ተይው፤ አንቺ ገና ሁላችንንም ትቀብሪያለሽ" አላት፤ ለሴት ልጇ ለይመናሹ ብትነግራት ደግሞ አለቀሰችባትና ተወችው። ከዚያም የነፍስ አባቷ መምሬ ወልደ ሰንበት ኑዛዜዋን እንዲሰሙ አስጠራቻቸው፤ በዚያ አገር ግን ኑዛዜ የሚነገረው ነፍስ ልትወጣ ስትል ነውና፥ አያልነህ ካህን ለኑዛዜ መጥራት ሞትን መጥራት መስሎት መምሬን በደጅ ተቀብሎ፥ ጠላ አጠጥቶ "ደኅና ናት" ብሎ መለሳቸው። ከመውደዱ ብዛት የእናቱን አፍ ዘጋ።

በነሐሴም፥ በፍልሰታ ጾም፥ ግማሽ ሰውነቷ ዛለና አንደበቷ ታሰረ፤ ጆሮዋ ግን ሁሉን ይሰማ ነበር። አያልነህም ሦስት ቀን የሚያስኬድ ጠበል አለ ሲሉ ሰምቶ ቃሬዛ አሠራ፤ ይመናሹ "መንገዱን አትችለውም" ብትለው "እናቴን ዝም ብዬ ልያት?" አላት። ትርንጎም እንባዋ እየወረደ በልቧ "እመቤቴ ሆይ፥ እኔ መናገር አቃተኝ፤ አንቺ ንገሪልኝ" አለች።

ማለዳም ጎረቤቶች ተሸክመዋት፥ ልጆቿም ተከትለዋት ወጡ፤ ጉሙም ወርዶ መንገዱንና ሰዎቹን ሸፈነ፥ የእግራቸውም ኮቴ እየራቀ እየራቀ ጠፋ። ከዚያም ትርንጎ ሰማያዊ መጎናጸፊያ የለበሰች ሴት፥ ጭቃ እግሯን ሳይነካት፥ በቃሬዛው ጎን ስትሄድ አየች፤ ሴቲቱም "ወለተ ሐና፥ ወዴት ይወስዱሻል?" አለቻት።

"አላውቅም እመቤቴ፤ የሚወስዱኝ ግን የሚወዱኝ ናቸው" አለቻት በልቧ።

"አንቺስ የት መሆን ትወጃለሽ?"

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረምና የትርንጎ ልብ ተነካ፤ "በገዛ መደቤ ላይ፥ ቅዱስ ቊርባን ተቀብዬ፥ የቅዳሴውን ደወል እየሰማሁ፤ እህል አልዋጥ ሲለኝም ሳያስገድዱኝ" አለች። ሴቲቱም ሳትቸኩል እስከ መጨረሻው ሰማቻትና "ይህንኑ ለልጆችሽ ንገሪያቸው" ብላ ከንፈሯን ዳሰሰቻት፤ ከዚያም በጉሙ ውስጥ ተሰወረች።

ሰዎቹም በቀጥታ አቀበቱን ይወጡ ነበር እንጂ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላሉም፤ ፀሐይ ስታዘነብልም ደወል ሰሙና "በአንድ ቀን ደረስን" ብለው ደስ አላቸው። ጉሙ ሲገለጥ ግን የቆሙት በጎሽ ሜዳ ማርያም ደጅ ነበር፤ ቅዳሴውም ሊገባ ነበር። እርስ በርሳቸው ሲተያዩም፥ አንደበቷ ታስሮ የነበረው ትርንጎ ተናገረች።

በደጁ ለቆሙት ለነፍስ አባቷ "መምሬ፥ ሽማግሎቹን ይጥሩልኝ" አለች፤ በፊታቸውም በጉሙ ውስጥ ለሴቲቱ የነገረቻትን ሁሉ ደገመችውና "ዳግመኛ መናገር ቢያቅተኝ ቃሌን ይመናሹ ትናገርልኛለች፤ እርሷን ስሟት" አለች። ይመናሹም ዛሬ ሳታለቅስ "እሺ እማዬ" አለች፤ አያልነህ ግን በእግሯ ላይ ወድቆ "አፍሽን የዘጋሁት እኔ ነኝ" አላት።

"ፈርተህ ነው ልጄ" አለችው።

እርሱም ተነሥቶ ከቃሬዛው አጠገብ ተቀመጠና "ሌላስ የምትይን አለ?" ብሎ ጠየቃት፤ ትርንጎም ይህን ስትጠብቅ ኖራለችና ፊቷ በራ፥ ቅዳሴው እስኪገባም ስትነግረው እርሱም ሲሰማት ቆዩ።

በዚያው ዕለት ቈረበች፤ ወደ ቤቷም አግብተዋት ዐሥራ ሁለት ቀን ሰነበተች፤ በመጨረሻም አንደበቷ ዳግመኛ ሲታሰር የተጨቃጨቀ አልነበረም፥ የምትሻውን ሁሉም ያውቅ ነበርና። በገዛ መደቧ ላይ፥ አንድ እጇን ይመናሹ ሌላውን አያልነህ ይዘውላት፥ ደወሉ ሲደወል በሰላም ዐረፈች፤ ልጆቿም እያለቀሱ እግዚአብሔርን አመሰገኑ።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ፥ እመቤታችን ለሽማግሎቻችሁ የሚናገሩበትን አንደበት፥ ለእናንተም የምትሰሙበትን ልብ ትስጣችሁ፤ በመጨረሻዪቱም ሰዓት ከራሳችሁ በላይ ቆማ ትቀበላችሁ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።