ጭቃው ጓንጉልን አልመልስም ባለ ጊዜ

መርዶው የደረሳት ልብስ ስታሰጣ ነው። የካምፑ ዘበኛና ሁለት ጎረቤቶቿ አጥሩ ጋ ቆመው፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገር ሲገፋፉ አየቻቸው። ገና ሳይነግሯት ገባት። የመንገድ ሥራ ኩባንያው ገልባጭ መኪና ከነሾፌሩ ናዳ ሥር ገብቷል። ሾፌሩ ባሏ ጓንጉል ነው።

ትርንጎ ጮኸች፤ ደረቷን ደቃች፤ ከዚያ ባገኘችው መኪና ተሳፍራ ሥራው ቦታ ወረደች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባሏን ቀብራ ማልቀስ። ይቺን ታህል ማን ይከለክለኛል ብላ ነበር።

ተራራው ከወገቡ ተንዶ ሸለቆውን ሞልቶታል። «ጓንጉልን መልስልኝ» አለችው ጭቃውን። ጭቃው ዝም አለ። አልመልስም ማለቱ ነው።

አካፋ ወደያዙት የቀን ሠራተኞች ሄደች። «አካፋችሁ ጭቃውን ያንሳልኝ። ጭቃው ጓንጉልን አልመልስም አለ፤ እኔም ባሌን አልቀበርኩም።»

«እትዬ፣ አንድ ስናወጣ ሁለት ይወርድብናል። ይሄ በአካፋ የሚነሣ አይደለም» አሉ፤ ላባቸውን እየጠረጉ።

ወደ ኤክስካቫተሩ ሄደች። ኦፕሬተሩ ፍሬው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አንገቱን ደፍቷል። «ፍሬው ወንድሜ፣ ቆፍርልኝ። አካፋው ጭቃውን አላነሳም አለ፤ ጭቃው ጓንጉልን አልመልስም አለ፤ እኔም ባሌን አልቀበርኩም።»

«የት ጋ ልቆፍር እትዬ ትርንጎ? ናዳው አንድ ሰፈር ያህላል። ያለ ቦታው ከነካሁት የቀረው ተራራ እነዚህ ልጆች ላይ ይወርዳል። ቦታውን ብቻ አሳዩኝ።»

ቦታውን የሚያውቅ አንድ ነገር ነበር። ኩባንያው በየመኪናው መከታተያ አስገጥሟል። መኪናው የት እንደቆመ፣ ምን ያህል እንደፈጠነ፣ ከታንኩ ናፍጣ መጉደሉን ሳይቀር ስምሪት ክፍል ላለው ኮምፒውተር ይናገራል። ሾፌሮቹ «አማቲቱ» ይሉታል፤ የሚያመልጠው ስለሌለ።

ትርንጎ ወደ ስምሪት ሠራተኛዋ ወደ ዝናሽ ሄደች። «ዝናሽ እህቴ፣ ኮምፒውተሩ ቦታውን ያሳየን። ኤክስካቫተሩ ቦታውን ካላወቅሁ አልቆፍርም አለ፤ አካፋው ጭቃውን አላነሳም አለ፤ ጭቃው ጓንጉልን አልመልስም አለ፤ እኔም ባሌን አልቀበርኩም።»

ዝናሽ አቀፈቻት። «ኮምፒውተሩ እኮ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ይዞታል። ግን ናዳው የመብራቱን ምሰሶ ከነስልኩ ማማ ወሰደው። ጄኔሬተሩ ካልተነሣ አይበራም። ጄኔሬተሩ ደግሞ ናፍጣ የለውም።»

ወደ ናፍጣ አዳዩ ወደ አቶ ጥጋቡ ሄደች። «አቶ ጥጋቡ፣ ናፍጣ ይስጡኝ። ጄኔሬተሩ ያለ ናፍጣ አልነሣም አለ፤ ኮምፒውተሩ ያለ ጄኔሬተር አልበራም አለ፤ ኤክስካቫተሩ ቦታውን ካላወቅሁ አልቆፍርም አለ፤ አካፋው ጭቃውን አላነሳም አለ፤ ጭቃው ጓንጉልን አልመልስም አለ፤ እኔም ባሌን አልቀበርኩም።»

አቶ ጥጋቡ የመጋዘኑን ቁልፍ ጨበጠ። «እግዜር ያጽናሽ። ግን ናፍጣ የማወጣው ኮምፒውተሩ ሲፈቅድ ነው። ዓምና ጎደለ ተብሎ የታሰርኩት እኔ ነኝ፤ ልጆቼን ማንም አልጠየቀልኝም።»

«ኮምፒውተሩ እኮ የሚበራው በናፍጣ ነው!»

«እሱን እኔም አጥቼው መሰለሽ?»

እዚያው ቆመው የነበሩ ሾፌሮች ተያዩ። አንዱ ቀስ ብሎ፣ «ጓንጉል እያበረረ ነው የገባበት ይባላል» ሲል ሰማችው። ትርንጎ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ቢተው የሚባለው ሾፌር ጀሪካንና የጎማ ቱቦ ይዞ ተነሣ። ናፍጣ በመስረቅ ሁለቴ የተቀጣ ሰው ነው፤ ሁለቴም ያጋለጠችው አማቲቱ ናት። የራሱን መኪና ታንክ ከፍቶ ቱቦውን አስገባ።

«ቢተው! አማትህ ትይዝሃለች!» አሉት።

«ትያዘኛ! ዛሬ የምሰርቀው ለራሷ ነው» አለና መጠጠ። ናፍጣው አፉ ሲገባ ተፋው። ሌሎቹም ሳይጠሩ ጀሪካን ይዘው መጡ። አቶ ጥጋቡ ፊቱን አዞረ።

ያን ጊዜ የቢተው ናፍጣ ጄኔሬተሩን አስነሣ፤ ጄኔሬተሩ ኮምፒውተሩን አበራ፤ ኮምፒውተሩም ቦታውን አሳየ። ሰዉ ሲቆፍር ከዋለበት በጣም ርቆ፣ ከታች፣ ድልድዩ አጠገብ አንዲት ቀይ ነጥብ ቆማለች።

ዝናሽ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «አላበረረም» አለች ጮክ ብላ፤ ሾፌሮቹ እንዲሰሙ። «ዳር ይዞ ቆሟል። ሞተሩንም አጥፍቷል። ናዳው ነው የመጣበት።» ቅድም «እያበረረ ነው» ያለው ሾፌር ባርኔጣውን አወለቀ።

ኮምፒውተሩ ለኤክስካቫተሩ ቦታውን ነገረው፤ ኤክስካቫተሩ ከጎን በኩል በቀስታ ቆፈረ፤ አካፋው የቀረውን ጭቃ አነሣ፤ ጭቃውም ጓንጉልን መለሰ። በሩ አልከፈት ብሎ ፍሬው ራሱ ወርዶ በእጁ ጎተተው። ትርንጎ ፊቱን በነጠላዋ ጠረገች፤ ሌላ ሰው እንዲጠርግላት አልፈቀደችም።

ባሏን ቀብራ አለቀሰች። የፈለገችው ተሰጣት። ጭቃው መለሰው እንጂ በሕይወት አልመለሰውም፤ ያንን የሚመልስ መሣሪያ በየትኛውም መኪና ላይ አልተገጠመም።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ የጓንጉል የክርስትና ስም ወልደ ሚካኤል ነው። በጸሎታችሁ በዚህ ስም አስቡት፤ ነፍስ ይማር በሉለት።