የአስተዳዳሪው እስክርቢቶ

በአንዲት ትንሽ ከተማ በቶርኖ እስክርቢቶ የምትሠራ ምላሷ የሰላ ሴት ነበረች። ከበሬ ቀንድ፣ ከቡና ግንድ፣ ከበቆሎ ቆረቆንዳ ሳይቀር ቀርጻና ወልውላ ታወጣ ነበር። የከተማው አስተዳዳሪ አቶ ባይለየኝ ሱቋን ለዘመዳቸው መስጠት ስለፈለጉ ሰበብ ፍለጋ አስጠሯት።

«የተሾምኩበትን አምስተኛ ዓመት ሳከብር የምይዘው እስክርቢቶ ሥሪልኝ» አሏት። «እንጨቱ ግን ከተሾምኩ ጀምሮ የማንም እጅ ያልነካው ይሁን። በሦስት ቀን ካላመጣሽ ሱቁን ትለቂያለሽ።»

በሦስተኛው ቀን፣ በዓሉ ላይ፣ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ እስክርቢቶ በእንግዶቻቸው ፊት አቀረበችላቸው። አቶ ባይለየኝ አገላብጠው አዩትና «እጅ እንዳልነካው በምን አውቃለሁ? እንጨቱን ከየት አመጣሽው?» አሉ።

«ከቢሮዎ በር ላይ ከተሰቀለው የአቤቱታ ሳጥን ነው፤ ክዳኑን ነቅዬ ሠራሁት።»

«የመንግሥት ንብረት ነቀልሽ?» ብለው አፈጠጡባት።

«አዎ፣ ክቡርነትዎ። ከነቀልኩት ሦስት ቀኑ ነው። በየቀኑ በአጠገቡ እያለፉ ይገባሉ፤ ክዳን እንደሌለው ግን ገና አሁን ከእኔ ሰሙ።»

እንግዶቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ከዚያ ወዲያ ስለ ሱቋ ያነሳባት አልነበረም።