አለቃ ንዋይና የሥላሴው ግድግዳ

ይህን ያወሩልኝ ሰዎች ከአያቶቻቸው የሰሙትን ነው። የጨመሩበት ቢኖር እነሱ ይወቁት።

በዳሞት አለቃ ንዋየ ማርያም የሚባሉ ሠዓሊ ነበሩ። አገሬው አሳጥሮ አለቃ ንዋይ ይላቸዋል። እጃቸው ወርቅ፣ አፋቸው ሚጥሚጣ ነበር። ደጃዝማች ድልነሳ የሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ሲያበቁ የመቅደሱን ግድግዳ እንዲሥሉላቸው ያስጠሩት እኒህን አለቃ ነው።

አለቃ የሥላሴን ፊት ለመሣል ሲነሡ ይጾማሉ። ጫማቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ብሩሹን እንደያዙ ቆመው ያለቅሳሉ። አንዳንድ ቀን አንዲት መስመር እንኳ ሳያሰምሩ ከመሰላሉ ይወርዳሉ። የደጃዝማች አጋፋሪ ሥራው ተጓተተ ብሎ ተናደደ።

“አለቃ፣ ሰይጣንን ከነቀንዱ በአንድ ጧት ጨርሰውት የለም እንዴ? ይሄ ፊት ምነው አቃተዎ?”

አለቃ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና፣

«ልጄ፣ ሰይጣንን ባበላሸው ማን ይቆጣኛል?» አሉት።

ግራዝማች አጎናፍር ደግሞ የዚያው አገር ዳኛ ነበሩ። በእሳቸው ችሎት ሙክት የነዳ ሁሉ ይረታል እየተባሉ ይታማሉ። አንድ ቀን መጡና ከጻድቃኑ መካከል አስገብተው እንዲሥሏቸው አለቃን ጠየቁ። እንደሚታወቀው በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ ከነሁለት ዓይኑ ይሣላል። ኃጥእ ግን በጎን ስለሚሣል የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። አለቃ ግራዝማችን ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩና ብሩሹን አስቀመጡ።

“ምነው፣ ምን ጎደለኝ?” አሉ ግራዝማች።

«ከሳሽን የሚያዩበትን ዓይንዎን አግኝቼዋለሁ። ተከሳሽን የሚያዩበት ነው የጠፋኝ።»

ግራዝማች ከዚያ በኋላ አንድ ሙክት ለባለቤቱ መለሱ የሚል አለ። እኔ አላመንሁትም።

ነጋድራስ ቸኮል በሀብታቸውም በንፉግነታቸውም የታወቁ ነበሩ። ወባ ይዟቸው ሊሞቱ ሲሉ፣ “ብድን ለመቅደሱ መጋረጃ አገባለሁ” ብለው ተሳሉ። ዳኑ። ያመጡት መጋረጃ ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ጨርቅ ሆነ። ካህናቱ አፍረው አቀረቀሩ። አለቃ ጨርቁን ተቀበሉና ወደ ብርሃን ዘርግተው ነጋድራስን በዚያው አሻግረው ይመለከቷቸው ጀመር። ነጋድራስ ነገሩ ገባቸው።

“አለቃ፣ እግዚአብሔር እኮ ልብን እንጂ ጨርቅን አያይም!”

«እኔስ ለእርስዎ የፈራሁት ይህንኑ አይደል!»

የደጃዝማች ድልነሳ ሥዕል ሳይፋቅ የቀረው ግን በአለቃ አንድ ቃል ነው ይላሉ። ደጃዝማች ገና ሥራው ሲጀመር፣ “እኔን ከዙፋኑ አጠገብ፣ ከነጎራዴዬ፣ ፊቴን አብርተህ ሣለኝ” ብለው ነበር። አለቃም እጅ ነሥተው ወደ መሰላላቸው ተመለሱ። የቅዳሴ ቤቱ በዓል ሲደርስ ደጃዝማች መኳንንቱን አስከትለው ገቡ። ላይ ሥላሴ በዙፋናቸው ተቀምጠዋል። ራሳቸውን ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡ። በመጨረሻ ከግድግዳው ግርጌ፣ ግንባሩን መሬት ላይ ደፍቶ የሚሰግድ አንድ ሰው አዩ። በካባው ካልሆነ ማንነቱ አይለይም።

የአለቃ እጅ ዛሬ ተቆረጠች ብሎ ያልፈራ አልነበረም።

“ይሄ እኔ ነኝ?” አሉ ደጃዝማች። “ፊቴ ካልታየ ማን ያውቀኛል?”

«የሚሰግዱለት ያውቅዎታል» አሉ አለቃ።

ደጃዝማች ይብሱን ጋሉ፤ እጃቸውን ወደ ጎራዴያቸው ሰደዱ። “ይህን ቤት ያሠራሁ እኔ! አገር የሚፈራውን ፊቴን ለምን ደፋኸው?”

አለቃ ቀና ብለው ከዙፋኑ በላይ ያሉትን መላእክት በብሩሻቸው አመለከቱ።

«ጌታዬ፣ ሱራፌል እንኳ እዚያ ፊት ሲቆሙ ፊታቸውን በክንፋቸው ሸፍነዋል። እርስዎ ክንፍ ስለሌለዎት መሬቱን ሰጠሁዎ።»