የባለጋሪው ውሻና የጎረቤቱ ነጠላ

«አንድ ባለጋሪ ነበረ፤ ውሻ ነበረው» አሉ እማሆይ ወለተ ሐና።

ይህን ያሉት ለፈለቀች ነው። የፈለቀች ልጅ ኩላሊቱን ታሞ፣ ከብዙ ድካም በኋላ ተሽሎት፣ ሥራ ይዞ ሚስት አግብቶ ሳለ ሰሞኑን ፊቱና እግሩ እንደገና አብጦባት ነበር። እናትየው ወደ እማሆይ መጥታ፣ «ምን አጥፍቼ ነው የተመለሰብኝ? ወይስ ይቺ ያገባት ልጅ ይዛብኝ የመጣችው ነገር አለ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እማሆይ ቶሎ የሚቆጡ፣ ማባበል የማይሆንላቸው ሴት ናቸው። ቁጭ በይ አሏትና የባለጋሪውን ነገር ቀጠሉ።

ባለጋሪው ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን የሚኖር ሰው ነበር። ልጅ አልወለደም። ቤቱ ውስጥ ከእሱ ሌላ የሚተነፍስ ነገር ቢኖር ውሻው ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ይለዋል። ጋሪው ሲሄድ ቦራ ከጎማው ጎን ይሮጣል፤ ጋሪው ሲቆም ከሥሩ ገብቶ ይተኛል። ሰው ሁሉ ባለጋሪውን የሚያውቀው በፈረሱ ሳይሆን በውሻው ነበር።

አንድ ሰሞን ቦራ መሮጥ አቃተው። ጥቂት ይከተልና መንገድ ላይ ይቀመጣል። ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ሆነ፤ ዓይኑም ቢጫ ሆነ። ባለጋሪው ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ቢያይ ድዱ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ጎረቤቶቹ «ውሻ አይደል እንዴ፣ ሌላ ታሳድጋለህ» አሉት። እሱ ግን እንደ ሰው ጋሪው ላይ አስተኝቶ ወደ ከብት ሐኪሙ ወሰደው።

ሐኪሙ መረመረውና፣ «ይሄን ውሻ ማንም አልነካውም» አለ። «ገላውን እንዲጠብቅ የተሰጠው ኃይል ተሳስቶ የገዛ ደሙን እየበላው ነው። ኪኒን እሰጥሃለሁ፤ በየቀኑ ትሰጠዋለህ፤ እኔ ቀንስ ሳልልህ አትቀንስም። ይሻለዋል። ግን ስማኝ፣ ይሄ በሽታ ተሻለ እንጂ ለቀቀ አይባልም። ሊመለስ ይችላል። ሲመለስም አንተ ስላጠፋህ አይደለም፤ ጠባዩ ነው። ድዱ የነጣ ቀን፣ በዚያው ቀን ይዘኸው ና።»

ባለጋሪው ከዚህ ሁሉ ውስጥ «ይሻለዋል» የምትለዋን ብቻ ይዞ ወጣ።

ኪኒኑ መራራ ነው፤ ቦራ ይተፋዋል። ከባለጋሪው ቤት ፊት ለፊት አይብና ቅቤ እየሸጠች የምትኖር አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም ብቻዋን ናት። የውሻውን መከራ አይታ በየጠዋቱ ከቅቤዋ ቆንጠር እያደረገች ትሰጠው ጀመር። ኪኒኑ በቅቤ ተጠቅልሎ ሲቀርብለት ቦራ ይውጣል፣ ጣቷንም ይልሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ድዱ ቀላ፣ የምግብ ፍላጎቱ ተከፈተ፣ ከጋሪው ጎንም መሮጥ ጀመረ። ሴትዮዋ በሯ ላይ ቆማ ሲያልፍ አየችውና፣ «አቤት! እንዴት አምሮበታል!» አለች። ደስ ብሏት ነው ያለችው። ዓይን እንዳይወጋው እትፍ እትፍ ማለቱን ግን ረሳችው።

በዚያው ሳምንት በሽታው ተመለሰ።

ባለጋሪው ጠዋት ፈረሱን ጠምዶ ሲጠራው ቦራ ከተኛበት አልተነሳም። ከንፈሩን ገለጠው፤ ነጭ ነው። ልቡ ተሰበረ። ያ ሁሉ ድካም በአንድ ጊዜ ውኃ የበላው መሰለው። የሐኪሙን ቃል አላስታወሰም፤ ቢያስታውሰውም አይበቃውም ነበር፤ የተናደደ ሰው «ጠባዩ ነው» በሚል ቃል ላይ እጁን ማንሳት አይችልም። መጀመሪያ ራሱን ጠረጠረ። ዝናብ ላይ አስሮጬው ይሆን? የማይሆን አጥንት ሰጥቼው ይሆን? እኔ ነኝ ማለቱን ግን ሊሸከመው አልቻለም። ያን ጊዜ «አምሮበታል» ያለችው ሴት ትዝ አለችው።

ኪኒኑ መደርደሪያው ላይ እያለ፣ ጋሪው ተጠምዶ እያለ፣ የሐኪሙን ቤት እያወቀ፣ መንገዱን ተሻግሮ ወደ እሷ ሄደ። የገበያ ቀን ነበርና ገዢዎች ደጇ ላይ ተሰብስበዋል። በሁሉም ፊት፣ «ከልብስሽ ቁራጭ ስጪኝ» አላት።

ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። ቡዳ በላው የተባለ ሕመምተኛ የሚታጠነው ከበዪው ልብስ በተቀደደ ጨርቅ ነው። ቁራጭ ስጪኝ ማለት ቡዳ ነሽ ማለት ነው።

ሴትዮዋ አልጮኸችም። የምትመዝነውን ቅቤ አስቀመጠችና እጇን ጠረገች። የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ቀደደችው።

«እንካ ወንድሜ» አለችው። «ኪኒኑን ግን ስጠው። አደራህን፣ ዛሬውኑ ስጠው።»

እሱ ጨርቁን ይዞ ሮጠ። ፍም ላይ አድርጎ ቦራን አጠነው። ቦራን ሳል ያዘው፣ ዓይኑ አነባ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ባለጋሪው እስኪመሽ ድረስ በጭስ ውስጥ ሲጠብቀው ዋለ። በማግሥቱ ውሻው በእግሩ መቆም ሲያቅተው ነው ወደ ሐኪሙ የነዳው። ሐኪሙ የትናንቱን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «ማን አሳመመው ስትል አንድ ቀን ሙሉ አቃጠልክበት» አለው። ቦራ ብዙ ተሰቃይቶ፣ ከአፋፍ ተመልሶ ዳነ። እንደ ድሮው መሮጥ ግን ቀረ።

ውሻውስ ዳነ። ያልዳነችው ሴትዮዋ ናት።

ቡዳ ነው ከተባለ ሰው እጅ ማን ይበላል? ደንበኞቿ አንድ በአንድ ቀሩ። አይቧ እየሻገተ ይደፋል፤ ቅቤዋ ገበያ ውሎ ሳይነካ ይመለሳል። እናቶች ስታልፍ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ባለጋሪው ይሄን ሁሉ ደጁ ላይ ሆኖ ያያል። ገበያው መሀል ቆሞ ተሳስቼ ነው ሊልላት አሰበ፤ ይሉኝታ ያዘው። ነገ እላለሁ አለ፤ ሲነጋም ነገ አለ። አንድ ቀን ዕቃዋን ጠቅልላ መንገድ ዳር መኪና ስትጠብቅ በጋሪው መጣ። የፈረሱን ጆሮ እያየ አለፋት። ቦራ ግን አጠገቧ ቆሞ ጅራቱን ቆላ፤ ባለጋሪው ሁለት ጊዜ እስኪጠራው ድረስ አልተከተለውም።

ሴትዮዋ ወደ እህቷ አገር ሄደች፤ ቤቷ ተቆለፈ። ጥቂት ቆይቶ በሽታው እንደገና ተመለሰ።

ባለጋሪው ነጩን ድድ አይቶ ደጁ ላይ ቁጭ አለ። እንደ ለመደው የሚጠረጥረው ሰው ሲፈልግ ዓይኑ ያረፈው በተቆለፈው በር ላይ ነው። እዚያ ቆሞ ያደነቀ ሰው የለም። ዝናብ የለም። አጥንት አልሰጠውም፣ ኪኒን አላጓደለም። ማንም ምንም ሳያደርግ በሽታው በራሱ ጊዜ መጥቷል። ያን ጊዜ ሴትዮዋን ምን እንዳደረጋት ገባው። እንደ ሴት አልቃሽ ደረቱን እየመታ ጮኸ። ከዚያ ተነሳና ኪኒኑን ወጥ በነካ እንጀራ ጠቅልሎ አጎረሰው፤ በዚያው ጠዋት ወደ ሐኪሙ ነዳ። ቦራ ተሻለው። ቆይቶ ተመለሰበት፤ ደግሞ ተሻለው። በመጨረሻ ግን ባለጋሪው ምንም ሳያጎድል፣ ሐኪሙም ምንም ሳይሳሳት፣ ጭኑ ላይ ሞተ።

ባለጋሪው ከቀበረው በኋላ ሴትዮዋ ወዳለችበት አገር ሄደ። መንገዱን ሁሉ የይቅርታ ቃል ሲያጠና ነበር። እሷ ግን ገና ከሩቅ ስታየው፣ «ቦራ እንዴት ነው?» አለችው። ሞተ ሲላት ፊቷን ሸፍና አለቀሰችለት። እግሯ ላይ ወደቀ። አነሳችው፤ ይቅርም አለችው፤ ከልቧ ነበር። ነገር ግን ወሬው ከእሷ ቀድሞ እዚያም ደርሷል፤ የእህቷ ጎረቤቶች ከእጇ ውኃ እንኳ አይቀበሉም። ባለጋሪው ቤት ለቤት እየዞረ፣ «ሐሰት ነው፤ እኔ ነኝ ስሟን ያጠፋሁት» አላቸው። ሰዎቹ በጨዋነት ሰሙት። ሲሄድ በራቸውን ዘጉ። ይቅርታዋ ለእሱ እረፍት ሆነለት እንጂ ለእሷ እንጀራ አልሆናትም።

እማሆይ ወደ ፈለቀች ዞሩ።

«የልጅሽ በሽታ እንደዚያ ውሻ በሽታ ነው» አሉ። «ልጄን ከውሻ እኩል አደረጉብኝ ብለሽ ደግሞ እንዳትቀየሚኝ። ተሻለ እንጂ ለቀቀ የማይባል በሽታ ነው፤ ሐኪሞቹም ነግረውሻል። ፊት የደከምሽው ከንቱ አልሆነም፤ በዚያ ድካምሽ ነው ቆሞ የሄደው፣ ሚስት ያገባው። አሁንም የሚፈልገው ያንኑ ድካምሽን ነው እንጂ ጥፋተኛ ፍለጋሽን አይደለም። ይድናል አልልሽም፤ እኔ ምን አውቄ! ምራትሽ ግን ያቺ ቅቤ ሻጭ ናት። እሷን የሚገድላት ኩላሊት አይደለም፣ ያንቺ አፍ ነው። ለመሆኑ አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ ማን ነው እያልሽ ስትጠይቂኝ፣ ለልጅሽ መድኃኒቱን ማን እየሰጠው ነው?»

ፈለቀች አንገቷን ደፋች።

«እሷ ናት» አለች። «እማሆይ፣ ጠዋት ስወጣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ አንቺ ነሽ ይዘሽበት የመጣሽው ብያታለሁ እኮ።»

እማሆይ የተቀመጠችበትን በርጩማ በእግራቸው ገፋ አደረጉት።

«እንግዲያው ምን ተቀምጠሽ ትሰሚኛለሽ? ሂጂና እዚያው ጎረቤት ፊት፣ ጮክ ብለሽ መልሺው። ዛሬ!»