ተራ የሚጠብቅ ጩኸት

ከተራራው ጫፍ እስከ ሸለቆው ሥር በተዘረጋው ጫካ አንበሳ ሲገዛ፣ ወሬ የሚጓዘው በጅግሮች አፍ ነበር። ጅግሮቹ በየድንጋዩ ተራርቀው ተቀምጠው፣ የሰሙትን ላልሰማ ያሰማሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ጩኸት በመጣበት ተራ ያልፋል፣ የማን እንደሆነ አይጠየቅም። የዝሆንም የአይጥም ጩኸት እኩል ይሮጥ ነበር።

አንድ ቀን ቀበሮ በጉባኤ መካከል ቆመ።

«ንጉሥ ሆይ፣ የማንንም አፍ አንዘጋም። ሁሉም ይጮኻል፤ ሁሉም ይሰማል። ብቻ ለርስዎ ሥጋ የሚያቀርቡት ይቅደሙ። ሌላው ትንሽ ይታገሥ።»

ኤሊ አንገቷን አወጣች። «አያ ቀበሮ፣ የዘገየ ማስጠንቀቂያ መርዶ ነው።»

«ስለ መዘግየትማ ኤሊ ታስተምረን!» አለ ጅብ።

ጉባኤው ሳቅ በሳቅ ሆነ። አንበሳም ሳቀ፤ በሳቁም ሕጉ ጸደቀ።

በመካከለኛው ድንጋይ የምትቀመጠው እመት ጅግራ አብራ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ እንደታዘዘችው ሠራች። መጀመሪያ ሰሞን የትንንሾቹ ጩኸት ጉሮሮዋ ላይ ሲቆም ይከብዳት ነበር። ውሎ አድሮ ግን ምንም የማይሰማት ሆነች።

ክረምት ሲገባ ከላይ የሚዳቋ ድምፅ መጣ። «ወንዙ ሞልቷል! ሸለቆ ያላችሁ ውጡ!»

ሸለቆው አሸዋ ላይ የእመት ጅግራ ልጅ ነቁጤ ጫጩቶቿን ታቅፋለች። እመት ጅግራ ልትጮኽ አንገቷን አሰገገች። በዚያው ቅጽበት ለንጉሡ ሥጋ የሚያቀርበው የጅብ ጩኸት ደረሰ። አያ ጅቦ ምሳ በልቷል፤ ምሳውም መልካም ነበር። ጩኸቱ ረጅም ነው፤ የአጥንቱ ዓይነት እንኳ አልቀረም።

ቀበሮ ከድንጋዩ ሥር ተጋድሞ ነበር።

«አያ ቀበሮ፣ ከሚዳቋ የመጣ አለ። የጎርፍ ነው። ልጄ ታች ናት።»

«ታዲያ ማን ከለከለሽ፣ እናቴ? ያያ ጅቦን ጨርሺና አሳልፊው።»

ራሷ በርራ መውረድ ትችል ነበር። ድንጋዩን ትቶ መሄድ ግን ያልታዘዘ ነገር ነው። የጅብን ጩኸት አንዲት ቃል ሳትዘል ጨረሰች። ከዚያ የሚዳቋን ጮኸች። እሱም ምንም ሳይጎድልበት ሸለቆ ደረሰ፤ ውሃው ካለፈ በኋላ።

በማግስቱ ከሸለቆው አንድም ድምፅ አልመጣም። ቀበሮ «በአዲሱ ሥርዓት መጨናነቁ ቀርቷል» ብሎ አስነገረ። እመት ጅግራ ይህንንም አሳለፈች። ቀጥላም ጮኸች።

«ነቁጤ! አለሽ ወይ?»

ከታችኛው ድንጋይ ታናሽ እህቷ መልሳ ጠየቀች። «የማን ጩኸት ነው?»

«የኔ ነው፣ እህቴ።»

«እንግዲያ ቆዪ። ከኔ ድንጋይ የተነሣው የንጉሡ የሐዘን መግለጫ ገና አላለቀም።»

«ለማን ነው?»

«ለሸለቆው።»

እመት ጅግራ «እሺ» አለች። እግሯን አጥፋ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።